የአርሲ መኪና ሞተርን ቤት በተሠራ ዳይኖ መፈተሽና ማስተካከል

በሪሞት ለሚነዳ ትንሽ መኪና፣ አርሲ ለሚሉት፣ የሚሆኑ ሁለት ባለ 540 ሞተሮች አሉ እንበል፤ 540 የሞተሩ መጠን መጠሪያ ነው። ስያሜያቸው አንድ ነው፣ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተዋል፣ ዋጋቸውም እኩል ነው። አንዱ ሜዳ ላይ ይበርራል፣ ሌላው ይንፏቀቃል። ብዙ ሰው በጆሮው ሰምቶ "ይኼኛው ይሻላል" ይላል። ጆሮ ግን ጩኸትን ከጉልበት አይለይም። አብዝቶ የሚጮኸው ሞተር ብዙ ጊዜ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ፣ በደንብ ያልተቀመጠው ነው።

ዳይኖ ማለት የሞተሩን ቶርክ (የማዞር ጉልበት) እና ፍጥነት አንድ ላይ የሚያሳይ ዕቃ ነው። ሁለቱ ከታወቁ ኃይሉ በቀላሉ ይወጣል፦ ቶርኩን በኒውተን ሜትር፣ ፍጥነቱን በደቂቃ ዙር ወስዳችሁ አባዙ፣ ከዚያ ለ9.55 አካፍሉ። መልሱ ዋት ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንስማማ። ቤት የተሠራ ዳይኖ የሚሰጠው ቁጥር ከሌላ ሰው ዳይኖ ቁጥር ጋር አይወዳደርም። "የኔ ሞተር 95 ዋት ሰጠ" የሚለው ወሬ ብቻውን ባዶ ነው። ዕቃው የሚጠቅመው የዛሬውን ሞተር ከትናንቱ፣ ከማስተካከያው በፊት ያለውን ከኋላው ካለው ጋር ለማስተያየት ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚያተኩረው አንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ያው ሞተር ሁለት ጊዜ ሲለካ ያው ቁጥር እንዲወጣ።

የትኛውን ዓይነት?

"ሞተር አናላይዘር" እየተባሉ የሚሸጡት፣ እንደ ስካይአርሲ ያሉት ትንንሽ ሳጥኖች፣ ሞተሩን ያለ ጭነት ነው የሚያዞሩት። ኬቪውን (በአንድ ቮልት ስንት ዙር እንደሚዞር)፣ ታይሚንጉን (ኤሌክትሪኩ ወደ ጥቅሉ ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚደርስ)፣ የሚስበውን አምፔር ይነግሯችኋል። ለብሩሽለስ፣ ካርቦን ለሌለው ሞተር፣ አሪፍ ናቸው። ቶርክ ግን አይለኩም።

ሁለተኛው ብሬክ ዳይኖ ነው። ሞተሩን እየያዘ ይለካል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጋስፓር ደ ፕሮኒ በ1821 እ.ኤ.አ. ዘንግን ጨምቆ ይዞ በክንድና በክብደት የሚለካውን ብሬክ ሠርቶ ነበር። ችግሩ፣ ትንሽ ሞተር ተይዞ በቆየ ቁጥር ይሞቃል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ የተለኩት በተለያየ ሙቀት ላይ ይሆንና ግራፉ ይዋሻል።

ሦስተኛው ኢነርሺያ ዳይኖ ነው። ከባድ የብረት ዲስክ፣ ጋራዥ ውስጥ ቮላኖ የሚሉት ዓይነት፣ በሞተሩ ይዞራል። ምን ያህል ፈጥኖ እንደተነሳ ተለክቶ ቶርኩ ይሰላል። አንዱ ሙከራ ሴኮንዶች ብቻ ይፈጃል፣ ሞተሩም ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። ለቤት ሥራ እኔ የምመርጠው ይኼንን ነው፤ መመሪያውም በሱ ላይ ነው።

ቮላኖውን ማሠራት

ቶርኖ ቤት ሂዱ። የምታዝዙት ዲያሜትሩ 60፣ ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ዲስክ ነው። ክብደቱ 200 ግራም አካባቢ ይመጣል። መሐሉ ላይ 8 ሚሊሜትር ዘንግ ይገባል።

ለባለሙያው አደራ የምትሉት ነገር አለ። ዲስኩን ለብቻው ልጦ ኋላ ዘንግ ላይ እንዳይከትተው። መጀመሪያ ዘንጉ ላይ አጥብቆ ያስገባው፣ ከዚያ ዘንጉን ይዞ የዲስኩን ጠርዝና ፊት በመጨረሻ ይላጨው። እንዲህ ሲሆን ዲስኩና ዘንጉ አንድ መሐል ይኖራቸዋል። ቀድሞ የተቆረጠ ዲስክ ግን በፀጉር ያህል ቢዛነፍ እንኳ በ20,000 ዙር ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል።

የዘንጉን አንድ ጫፍ ለሞተሩ ዘንግ የሚሆን ቀዳዳ እንዲበሳ አድርጉ። የ540 ሞተር ዘንግ 3.175 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ያለ ጨዋታ የሚገባ ይሁን። በሁለት ተቃራኒ ጎኖች በትንንሽ ራስ አልባ ብሎኖች ይጠብቃል። አንድ ብሎን ብቻ ካደረጋችሁ ሚዛኑ ይዛባል።

ዘንጉ በሁለት 608 ኩሽኔታ ላይ ይቀመጣል። የስኬትቦርድ ጎማ ውስጥ ያለው ያው ነው፤ በየቦታው ይገኛል። በጎማ የተሸፈነውን ሳይሆን በብረት የተሸፈነውን ግዙ። የጎማው መሸፈኛ ስለሚፋተግ ለእንዲህ ያለ ፍጥነት አይሆንም። ውስጡ ያለው ግራሶ ወፍራም ከሆነ አጥባችሁ በቀጭን ዘይት ተኩት።

የሞተሩ መያዣ ከ3 ሚሊሜትር በላይ የሆነ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ሳህን ይሁን። የ540 ብሎን ቀዳዳዎች በ25 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ ብሎኑ ኤም3 ነው። ስለ ብሎኑ ርዝመት ተጠንቀቁ። ወደ ሞተሩ ውስጥ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከዘለቀ የመዳብ ጥቅሉን ይነካል። ያኔ ሞተሩ ይቃጠላል፣ እናንተም ምክንያቱን ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ሲገጠም፣ የመያዣውን ብሎኖች ወዲያው አታጥብቁ። ላላ ብለው ሳለ ቮላኖውን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ሞተሩ ራሱ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። እጃችሁ ላይ የሚይዝና የሚለቅ ስሜት ካለ መስመሩ አልገጠመም፤ ፍቱና ድገሙት።

መሸፈኛው

ይኼን ክፍል አትዝለሉ። 60 ሚሊሜትር ዲስክ በ20,000 ዙር ሲሽከረከር የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ 63 ሜትር ነው። በሰዓት ሲሰላ 226 ኪሎሜትር ገደማ። ብሎን ቢላላና ዲስኩ ቢያመልጥ እጅ ይሰብራል።

ዲስኩን ዙሪያውን የሚከብብ ወፍራም የብረት ቱቦ ቁራጭ አድርጉ፤ ብረቱ ከ3 ሚሊሜትር አይነስ። ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ይታሰር። ማብሪያና ማጥፊያውን ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጉት። ዲስኩ በሚሽከረከርበት መስመር ትይዩ ፈጽሞ አትቁሙ፣ ሁሌም ከጎን ሁኑ። የዓይን መነጽር ይደረግ። ልጆች ካሉ ክፍሉ ይዘጋ።

ፍጥነቱን መለካት

ማግኔት በዲስኩ ላይ በሙጫ የሚለጥፉ አሉ። አልመክርም፤ ይፈናጠራል፣ ሚዛንም ያዛባል። ከዚያ ይልቅ የዲስኩን ፊት ግማሹን በማይብለጨለጭ ጥቁር ቀለም ቀቡ፣ ግማሹን ብረቱን እንዳለ ተዉት። ፊት ለፊቱ ቲሲአርቲ 5000 የሚባለውን የኢንፍራሬድ ሴንሰር አስቀምጡ። በአንድ ዙር አንድ ምልክት ይሰጣል።

የክፍሉ መብራት ይረብሸዋል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዓይን አያየውም እንጂ። ሴንሰሩ ይኼንን ከቆጠረ በደቂቃ 6,000 ዙር ብሎ ይጽፋል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ 6,000 ካያችሁ ዕቃው አልተበላሸም። ሴንሰሩን በጥቁር ናስትሮ ከልሉት፣ ይድናል።

ምልክቱ አርዱኢኖ ኡኖ ወደምትባለው በፕሮግራም የምትሠራ ትንሽ ቦርድ ይገባል። ኢንተራፕት ያለውን፣ ማለትም ምልክት ሲመጣ ወዲያው የሚያስመዘግበውን፣ 2ኛውን ፒን ተጠቀሙ፤ ጊዜውን ማይክሮስ በሚባለው የቦርዱ ሰዓት ትእዛዝ ያዙ። በ20,000 ዙር አንድ ዙር 3 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ የኡኖ ሰዓት ደግሞ በ4 ማይክሮሴኮንድ ይቆጥራል። ስህተቱ ከመቶ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፣ ይበቃናል። የኡኖ ሚሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ሰዓቶቹን እዚያው ለማጠራቀም አትሞክሩ። በ115200 ፍጥነት እየተቀበላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ መዝግቡ። ስሌቱ በኤክሴል ይሠራል።

ቮልቴጁን በግማሽ ከፍሎ ለመለካት ሁለት እኩል 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች በቂ ናቸው። የሁለት ሴል ሊፖ ባትሪ 8.4 ቮልት ወደ 4.2 ይወርድላችኋል፣ አርዱኢኖው ይችለዋል። ልኬቱን የምትወስዱት ከሞተሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ከባትሪው አይደለም። በመሐል ባለው ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት ቀላል አይምሰላችሁ። ለአምፔር፣ ተራው የኤሲኤስ712 ባለ 30 አምፔር ሴንሰር ለማንኛውም ጭነት አልባ ሙከራ ይሆናል። ቮላኖ ሲነሳ ግን የመነሻው አምፔር ከዚያ ያልፋል። ለዚያ ኤሲኤስ758 ባለ 100ውን ፈልጉ።

ስሌቱ

የዲስኩ ኢነርሺያ የክብደቱ ግማሽ ሲባዛ በራዲየሱ ካሬ ነው። 0.2 ኪሎ እና 0.03 ሜትር ካላችሁ 0.00009 ኪሎግራም ሜትር ካሬ ይወጣል። ክብደቱን በጥሩ ሚዛን መዝኑ፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ ደግሞ ጥሩ።

ምሳሌ እንውሰድ። ዲስኩ ከ5,000 ወደ 20,000 ዙር በ2 ሴኮንድ ወጣ እንበል። ልዩነቱ 15,000 ዙር ነው፤ ለ9.55 ሲካፈል 1,571 ራዲያን በሴኮንድ። ለ2 ሴኮንድ ሲካፈል 785። በኢነርሺያው ሲባዛ 0.0707 ኒውተን ሜትር አማካይ ቶርክ ይሰጣል። በመሐለኛው ፍጥነት፣ በ12,500 ዙር፣ 92 ዋት ተኩል ገደማ ማለት ነው።

በተግባር ይኼንን ለጠቅላላው ሳይሆን ለየአሥሩ ዙር ትሠሩታላችሁ። ለየአንዱ ዙር ከሠራችሁት ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ለየሃምሳው ከሠራችሁት ደግሞ የሚፈለገው ነገር ይለሰልስና ይጠፋል።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል፦ የኩሽኔታውና የአየሩ ሰበቃ። እሱን ለማወቅ ሞተሩን ከላይ ፍጥነት ላይ አጥፉትና ቮላኖው ራሱን ችሎ ሲቀንስ መዝግቡ። ከ20,000 ወደ 15,000 ለመውረድ 6 ሴኮንድ ከፈጀ የሰበቃው ቶርክ 0.0079 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ከላይ ካገኘነው ከመቶ 11 ያህሉ ነው፣ ተደምሮ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ብሬክ እንዳያደርግ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቋረጥ። ብሩሽለስ ከሆነ ኢኤስሲ በሚሉት የፍጥነት መቆጣጠሪያ ላይ ያለውን ድራግ ብሬክ፣ ጋዝ ሲለቀቅ ሞተሩን የሚይዘውን፣ ዜሮ አድርጉት።

ሙከራው ራሱ

በመጀመሪያ ምንም አትንኩ። ሞተሩን እንዳለ አምስት ጊዜ ለኩት። የመጀመሪያውን ጣሉት፣ አራቱን አነጻጽሩ። ከፍተኛው ዋት ከመቶ ሁለት በላይ ከተለያየ ዳይኖው ገና አልደረሰም። ብሎን ላልቷል፣ ቮልቴጅ ተለውጧል፣ ወይም ሞተሩ ሞቋል። ከሦስቱ አንዱ ነው።

ቮልቴጁን በየሙከራው እኩል አድርጉ። ከተገኘ የመነሻውን አምፔር የሚችል ፓወር ሰፕላይ ይሻላል። ሊፖ ከሆነ ሁሌም ከአንድ ቮልት ተነሱ፤ 8.0 ብላችሁ ወስኑና በየሙከራው መሐል እስኪመለስ ሙሉት። አንዱን በ8.3፣ ሌላውን በ7.8 ለክቶ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ሙቀቱም እንዲሁ። መዳብ በየዲግሪ ሴልሺየሱ ሬዚስታንሱ በ0.39 ከመቶ ይጨምራል። 50 ዲግሪ ሲሞቅ 20 ከመቶ ገደማ ማለት ነው። በተራው ሞተር ውስጥ ያለው የፌራይት ማግኔትም በየዲግሪው 0.2 ከመቶ ያህል ይደክማል። የሞቀ ሞተር ያለ ጭነት ፈጥኖ ሊዞር ይችላል፤ ቶርኩ ግን ወርዷል። ብዙ ሰው በዚህ ይሸወዳል። በየሙከራው መሐል ቆርቆሮውን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለኩ፣ ወደ መነሻው ሙቀት ሲመለስ ቀጥሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ድገሙ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው ምን እንደሠራ አያውቅም። ለውጡ ያመጣው ልዩነት ከዳይኖው የራሱ መወላወል ካልበለጠም ልዩነት የለም። ቢያምም ተቀበሉት።

ካርቦን ያለውን ሞተር ማስተካከል

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ብርማ 540 ብዙውን ጊዜ ተቆልምሞ የተዘጋ ነው። ታይሚንጉ አይነካም፣ ካርቦኑም አይቀየርም። ስለዚህ የሚሠራለት ነገር ጥቂት ነው፦ ካርቦኑን ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ዘይት ማድረግ።

ካርቦኑ አዲስ ሲሆን ፊቱ ከኮሙቴተሩ፣ ማለትም ካርቦኑ ከሚያርፍበት የሚዞር የመዳብ ክብ፣ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገናኝም። ያለ ጭነት በ3 ቮልት አካባቢ፣ መኪናው ላይ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ አዙሩት። መቼ እንደሚበቃ የሚነግራችሁ አምፔሩ ነው። መጀመሪያ ይዋዥቃል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋል። ከረጋ በኋላ መቀጠል ካርቦን መጨረስ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያዞሩ አሉ። ፈጣን ነው፤ ግን ዘንጉ የሚዞርበትን ቡሺንግ ያደርቃል፣ ብረቱንም ያዝጋል። ለኔ ጥድፊያው ያን ያህል አይጠቅምም። ካደረጋችሁት ወዲያው አድርቁና ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሩ። ጠብታ ብያለሁ፤ ኮሙቴተሩ ላይ የደረሰ ዘይት ከካርቦን ዱቄት ጋር ተላቁጦ ጭቃ ይሆናል።

የሚፈታ ሞተር ከሆነ ጨዋታው ይሰፋል። ኮሙቴተሩን በአጉሊ መነጽር እዩት። ጠቆር ያለ ቡናማ እኩል መስመር ደህና ነው። የተቃጠለ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ካርቦኑ እየዘለለ ነው፤ ሞላው ደክሟል ወይም ኮሙቴተሩ ክብነቱን አጥቷል። በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ለጊዜው ያብለጨልጨዋል እንጂ ክብ አያደርገውም። በቶርኖ በጣም ስስ አድርጎ መላጨት ነው መፍትሔው። ጠንካራ ሞላ ካርቦኑን ያስረዋል፣ ሰበቃም ይጨምራል። ለስላሳ ሞላ ያለ ጭነት ፈጣን ነው፣ በከፍተኛ ዙር ግን ካርቦኑ ይዘልላል። ዳይኖው ላይ ይኼ ግልጽ ሆኖ ይታያል፦ የቶርኩ መስመር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቆይቶ ከላይኛው ፍጥነት ላይ ድንገት ይሰበራል።

ብሩሽለሱን ማስተካከል

17.5 እንደሚባሉት (ቁጥሩ የጥቅሉ ሽቦ መጠምጠሚያ ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም) ባሉ የውድድር ሞተሮች ላይ ዋናው ማስተካከያ የኋላ ክዳኑ ታይሚንግ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ኢኤስሲው ራሱ ታይሚንግ የሚጨምርባቸውን ቡስትና ቱርቦ ዜሮ አድርጉ፤ ብሊንኪ በሚባለው፣ ምንም ታይሚንግ በማይጨምርበት ሁኔታ ላይ ይሁን። ጋዙን በሪሞት ሳይሆን በሰርቮ ቴስተር፣ እኩል ምልክት በምትሰጥ ትንሽ ሳጥን፣ ስጡት፤ ጣት ሁሌ እኩል አይጫንም።

አቅጣጫውን አረጋግጡ። ወደፊት የተሰጠ ታይሚንግ ሞተሩ ወደ ሌላ ጎን ሲዞር ወደኋላ የተሰጠ ይሆናል። መኪናችሁ ላይ በተቃራኒው የሚዞር ሞተር በዳይኖ ላይ በትክክለኛው ቢፈተን ቁጥሩ አይሠራም።

ከዝቅተኛው ምልክት ተነስታችሁ በ5 ዲግሪ፣ ቀረብ ስትሉ በ2 ዲግሪ ጨምሩ። በየደረጃው ሦስት ነገር ጻፉ፦ ያለ ጭነት ዙር፣ ያለ ጭነት አምፔር፣ የቮላኖው ከፍተኛ ዋት። መጀመሪያ ዙሩና ዋቱ አብረው ይወጣሉ፣ አምፔሩ በትንሹ ይከተላል። አንድ ቦታ ላይ ዙሩ በ1 ከመቶ ብቻ ከፍ ሲል አምፔሩ በ5 እና በ6 ከመቶ ይዘልላል። እኔ እዚያ አቁሜ 2 ዲግሪ እመልሳለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሙቀት እንጂ ወደ ጎማ አይሄድም።

ሮተሩ፣ ማለትም የሚዞረው ማግኔት ያለበት ክፍል፣ ይቀየራል። ዲያሜትሩ 12.5 የሆነው ከ12.3ው ይልቅ ወደ ጥቅሉ ይጠጋል፤ ቶርኩ ይጨምራል፣ ዙሩ ይቀንሳል። የሮተሩ ማግኔት ኒዮዲሚየም ነው። ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ከኃይሉ የተወሰነውን ለዘለቄታው ያጣል። ሞተራችሁ "አርጅቷል" ስትሉ ብዙ ጊዜ ያረጀው ሮተሩ ብቻ ነው።

ግራፉን ወደ ጥርስ መለወጥ

ሰው ሁሉ የሚፈልገው የጉብታውን ጫፍ፣ ከፍተኛውን ዋት ነው። እሱ የሚገኘው ያለ ጭነት ከሚዞርበት ፍጥነት ግማሽ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ግን ሞተሩ ከሚስበው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ምርጡ ቁጠባ የሚገኘው ወደ ላይኛው ፍጥነት፣ ከ80 እስከ 90 ከመቶ አካባቢ ነው። መኪናው ከኩርባ ሲወጣ ወደ ጉብታው፣ በቀጥታው መጨረሻ ደግሞ ወደ ቁጠባው እንዲጠጋ ጥርሱን፣ ማለትም የሞተሩንና የጎማውን ማርሽ፣ ምረጡ።

ለምሳሌ ያለ ጭነት 16,000 የሚዞር ሞተር አለ። በቀጥታው መጨረሻ 13,500 ላይ እንዲሆን ፈለጋችሁ። ጎማው 65 ሚሊሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 204 ሚሊሜትር ይሄዳል። አጠቃላይ የጥርስ ምጣኔው 7 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 7 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ጎማው በደቂቃ 1,929 ጊዜ ይዞራል፤ በሰዓት 23.6 ኪሎሜትር ነው። ሜዳው ረጅም ቀጥታ ካለውና መኪናው ከዚህ በላይ መሄድ ከፈለገ ሞተሩ ላይ ያለውን ትንሹን ጥርስ በአንድ ጨምራችሁ (ምጣኔው ዝቅ ይላል) ሙቀቱን እዩ። ጠመዝማዛ ሜዳ ላይ ከፍተኛ ዋቱ ትንሽ ያነሰ፣ በዝቅተኛ ዙር ያለው ቶርክ ግን የበዛ ሞተር ያሸንፋል። ሁለት ሞተር ሲኖራችሁ ሁለቱን ግራፍ አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ የሚቋረጡበትን ፍጥነት ፈልጉ። ከዚያ ነጥብ በታች ብዙ የምትቆዩ ከሆነ አንደኛው፣ በላይ ከሆነ ሌላኛው ነው የናንተ ሞተር።

የመጨረሻው ፍተሻ ሜዳ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ነድታችሁ ወዲያው የሞተሩን ቆርቆሮ ለኩ። እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ደህና ነው። ከ80 ካለፈ ሞተሩ ላይ ያለውን ትንሹን ጥርስ በአንድ ቀንሱ ወይም ታይሚንጉን መልሱ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የሚሰጡትን ጥርስ እንዳለ አትውሰዱ። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። እነሱ ከሰጡት የሞተር ጥርስ አንድ ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ቴርሞሜትሩ ከፈቀደ ጨምሩ።